ሸክም የሌለበት ወጋግራ

የደብራችን በዓለ ኢዮቤልዩ በተቃረበበት በዚህ ወራት፥ በሰንበቴውም በማኅበሩም አንድ ጥያቄ ሲነሣ ይሰማል። ይኸውም «ጣራው ካላፈሰሰ፥ ግድግዳውም ካልተናደ፥ ሥዕሉና ሐረጉ ምን ያደርግልናል? ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ ቢውል አይሻልምን?» የሚል ነው። ጥያቄው የክፉ ሰው ጥያቄ አይደለምና፥ በቍጣ ሳይሆን በታሪክ ሊመለስለት ይገባል።

የቀደሙት አባቶቻችን ግንብ ሲሠሩ ድንጋዩን በጭቃ እየደረደሩ በየመካከሉ ወጋግራ በአግድም ያስገቡ ነበር። ይህንም ወጋግራ አጥብቀው የሚይዙ አጫጭር ግንዶች ግድግዳውን አቋርጠው ያልፋሉ፤ ጫፋቸውም ወደ ውጭ ብቅ ብሎ ይታያል። ይህ ጫፍ የዝንጀሮ ራስ ይባላል። በደብረ ዳሞ ያለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ዓይነት የተሠራ ነው። በዚያ የዝንጀሮው ራስ ሥራ አለው፤ ግንዱ ቢነቀል ግድግዳው ይላላልና። ይህ ቤተ ክርስቲያን ከአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች በኋላ የታነጸ ቢሆንም፥ የአሠራሩ ልማድ ግን ሐውልቶቹን ይቀድማል።

አሁን እነዚያን ሐውልቶች እንመልከት። በ4ኛው መቶ ዓመት ገደማ በነገሥታት መቃብር ላይ የተሠሩት ሐውልቶች እያንዳንዳቸው ከአንድ ድንጋይ የወጡ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው፥ ዛሬ ወድቆና ተሰባብሮ የሚታየው፥ ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል፥ ክብደቱም ከ500 ቶን የማያንስ ነው። በዚህ ድንጋይ ላይ 13 ደርብ ተቀርጾበታል። መስኮት አለው፥ ማንም አያይበትም። በር አለው፥ ማንም አይገባበትም፤ ከሐውልቶቹም ባንዱ በር ላይ መቈለፊያው ሳይቀር ተቀርጿል። በደርቡና በደርቡ መካከል የዝንጀሮ ራስ ተደርድሯል፤ ነገር ግን አንዱም እንጨት አይደለም፥ አንዱም የሚይዘው ነገር የለም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን አስተውል። በእንጨት ሥራ የግንዱ ጫፍ ብቅ የሚለው በራሱ ነው። በድንጋይ ግን አንዲቱ ራስ ብቅ ትል ዘንድ በዙሪያዋ ያለው ድንጋይ ሁሉ ተጠርቦ መውረድ አለበት። ስለዚህ ጠራቢው ምንም ለማይሸከመው ነገር ከሁሉ የበለጠ ድካም ደከመ። ለመቃብር ምልክት ብቻ ቢሆን ልሙጥ ድንጋይ በበቃ ነበር፤ ልሙጥና ሸካራ የሆኑ ብዙ ሐውልቶች በዚያው አገር ቆመዋልና።

ይህ ጌጥ ጥቅም ከሌለው፥ 24 ሜትር የሚሆነውን ሁለተኛውን ሐውልት ወራሪው በ1929 ዓ.ም. ባሕር አሻግሮ ወደ ሮማ ስለ ምን ወሰደው? በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል የተወሰደውን ሁሉ ሊመልስ ተስማምቶ ሳለ፥ ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ በቦታውም የቆመው በ2000 ዓ.ም. ነው። ይህን ያህል ዘመን ይመለስልን ሲባል የኖረው ለቤት ሥራ የሚሆን ድንጋይ ጠፍቶ አይደለም።

ከአክሱም ነገሥታት ብዙ ዘመን በኋላ በላስታም ይኸው ነገር ታየ። በዋሻ ውስጥ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በእውነተኛ እንጨትና በነጭ በተለሰነ ድንጋይ፥ ተራ በተራ እየተደረደረ የታነጸ ነው። በላሊበላ ያለው ቤተ አማኑኤል ግን ከአንድ አለት የተፈለፈለ ሲሆን፥ ግድግዳው ወጣ ገባ እያለ ያንኑ የእንጨትና የድንጋይ ድርድር ይመስላል። አለት እንጨት ምን ያደርግለታል!

ልማድ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ልማድ ድካምን ያቀልላል እንጂ አያበዛም፤ ድካሙን የሚያበዛበትን ልማድ የሚጠብቅ ሰው ያን ነገር የሚወድ ብቻ ነው። በቅኔ ቤት ያደግን ይህን እናውቀዋለን። ተማሪው ለሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ሲል ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲቈጥር ይውላል። ቅኔው በማኅሌት አንድ ጊዜ ይባላል፤ ለሚመጣው በዓል ሌላ አዲስ ይሻል፥ የትናንቱን መድገም ነውር ነውና። በዚህ ሁሉ አንዲት ማሳ አልታረሰችም።

ሌሎች ደግሞ ሥዕል ፊደል ለማያውቅ ሰው መጽሐፍ ነው ብለው ይሟገቱለታል። ይህ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን አይበቃም። በገመድ ብቻ በሚወጣበት በደብረ ዳሞ፥ በጣራው ሳንቃ ላይ ዝሆንና አንበሳ፥ ሌላም ብዙ አውሬ ተቀርጿል። እነዚያ አራዊት ለመነኮሳቱ የትኛውን ምዕራፍ ያስተምራሉ? ጌጥን በትምህርትነቱ ብቻ የሚከላከል ሰው፥ ሕዝቡ ሁሉ ማንበብ በቻለ ጊዜ የሚመልሰው ያጣል።

የሚከብደው ክርክር ግን የድኃው ነው። ሐውልቶቹ በተሠሩበት በዚያው በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፥ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአንጾኪያ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም፥ ክርስቶስ በድኃው አካል በውጭ ተርቦና በርዶት ሳለ ማዕዱን በወርቅ የሚያስጌጡትን ባለጸጎች ገሠጸ። የወርቁን ዋንጫ አልከለከለም፤ አስቀድሞ የተራበው ይጥገብ፥ ከዚያም በተረፈው ማዕዱ ያጊጥ አለ። ይህንን ሊያፈርስ የሚችል ሊቅ የለም፥ እኔም አልሞክረውም። ከጐኑ የማቆመው ነገር ግን አለ። እግዚአብሔር ባስልኤልን በጥበብ የመላው፥ ለካህኑም ልብስ ለክብርና ለጌጥ እንዲሠራ ያዘዘው፥ እንጀራቸውን በየማለዳው ከምድረ በዳ ለሚለቅሙ ሰዎች ነው። ይጥገቡና ቤት ይሥሩ፥ ያን ጊዜ ያጊጡ አላለም።

ደግሞም በብዙው አገራችን የድኃ ቤት ግድግዳው በጢስ የጠቈረ ነው። ባለጸጋው በቤቱ ምንጣፍና መስተዋት አለው። ድኃው የተሣለ ግድግዳና የተቀረጸ በር የሚያገኘው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ በዚያም ማንም ዋጋ ሳይጠይቀው፥ ከባለጸጋው ጋራ ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ዓይኑን ያነሣል። እንግዲህ ያን ግድግዳ ለድኃው ሲሉ ባዶ የሚያስቀሩት፥ ካለችው ጥቂት ሀብት አንዲቱን ይወስዱበታል።

ስለዚህ ለማኅበሩ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለበዓሉ ከተዋጣው ገንዘብ የነዳያኑ ምግብ አስቀድሞ ይነሣ፤ ከእርሱ ላይ ለቀለም የሚቀነስ ሳንቲም አይኑር። በመቅደሱ ዙሪያ ያለው አሮጌው ሥዕል ቢደበዝዝም እንዳለ ይጠበቅ፥ አዲስ ቀለም አይለቅለቅበት። ያልተሣለው የምዕራቡ ግድግዳ ደግሞ ሥራውን የሚያውቅ ሠዓሊ እስኪገኝ ድረስ፥ አምስትም አሥርም ዓመት ቢሆን፥ ባዶውን ይቈይ እንጂ በማተሚያ በወጣ ወረቀት በችኰላ አይሸፈን።