ዜና ስንዱ ገብሩ፣ ዘመነ ጦርነትን ያየች ገጣሚ

በ1908 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ልጅ ኢያሱ ገና ከሥልጣን ሳይወርዱ፣ በወርኃ ጥር ስንዱ ገብሩ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው፤ በኢየሩሳሌምና በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ ጎንደርን በከንቲባነት ያስተዳደሩ፣ በ1911 ዓ.ም. ከደጃዝማች ናደው አባ ወሎና ከኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጋር አሜሪካ ድረስ የተላኩ ሰው። እንዲህ ያለ አባት ሴት ልጁን ከጓዳ አያስቀርም። ስንዱም ገና በልጅነታቸው ከእኅታቸው ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ በዚያም ሥነ ጽሑፍ ተምረው ተመለሱ። አገራቸውን ለማየት የቀራቸው ጊዜ ግን ጥቂት ነበር።

በ1928 ዓ.ም.፣ ዳግመኛ በዘመነ ዮሐንስ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ጠላት ኢጣሊያ ገባ። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶችና በውጭ አገር የተማሩት ግን ወደ ምዕራብ አፈግፍገው ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቆሙ። መሪያቸው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ማኅበሩ ዐሥር አንቀጽ ያለው ደንብ ነበረው፤ ምርኮኛ እንዳይሠቃይ፣ አባሉም አገሩን ጥሎ እንዳይሰደድ ያዝዛል። በሰኔም በነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጠላት አውሮፕላኖች በሌሊት አቃጠሉ። ስንዱ ገብሩ ከዚህ ማኅበር ጋር ተሰለፉ። ዕድሜያቸው 20 ነበር።

የማኅበሩ ሰዎች ከዚያ ወደ ጎሬ፣ ሠራዊቱን ወደሚመሩት ወደ ራስ እምሩ ሄዱ። ያ አገር ክረምቱ የማያባራ፣ ጫካው ፀሐይ የማያሳይ፣ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ የሚዘልበት፣ ቡናው ሳይተክሉት የሚበቅልበት ነው። ከጎሬ ወደ ከፋ የሄደው ሠራዊት ስንቁ አልቆ፣ ጥይቱ ነጥፎ ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ ተከበበ፤ ራስ እምሩም እጅ ሰጡ። በአማርኛ የፉከራ ግጥም ከአዕዋፍ ሁሉ ተለይቶ የሚጠራው አሞራ ነው፤ ጀግና ሬሳ አበላሃለሁ እያለ ቃል ይገባለታል። በዚያ ዓመት አሞራው ማንም ሳይጠራው ጠገበ። በየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ አዲስ አበባ ያየችውን እዚህ መድገም አያሻም፤ ከዚያ ወዲህ የተማረ ወጣት እየተለቀመ ተገደለ፣ መኳንንቱም በመርከብ ተጋዙ።

ስንዱም ተይዘው ከሰርዲኒያ በስተሰሜን ምዕራብ ወዳለችው ወደ አዚናራ ደሴት ተወሰዱ። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅም ባላቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ ከተገደሉ በኋላ ከልጆቻቸው ጋር ወደዚያችው ደሴት ተግዘው ነበር፤ ኋላም በቱሪን ከተማ ሞቱ። አዚናራ ጨው ያዘለ ነፋስ የሚመታት ድንጋያማ ምድር ናት።

እዚህ ላይ ዜናውን ትንሽ ገታ አድርገን ባሕር እንሻገር። ከስንዱ አንድ ዓመት እንኳ ሳትቀድም በ1915 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ የተወለደች ጁዲት ራይት የምትባል ገጣሚ ነበረች። የጃፓን ጦር አገሯን ሲያሰጋና ወንዶቹ ሲዘምቱ፣ አባቷን በከብት እርባታው ልታግዝ በባቡር ወደ ትውልድ ቀዬዋ ተመለሰች። በመስኮት ያየችው ተራራና ሸለቆ የራሷ እንደ ሆነ በዚያ ጉዞ እንደ ገባት በኋላ ተናግራለች። የመጀመሪያ መጽሐፏ በ1946 ወጣ፤ በ1962 ደግሞ ስለ አገሯ ወፎች ብቻ የተጻፈ የግጥም መድበል አሳተመች፣ በዚያው ዓመትም የኩዊንስላንድን የዱር አራዊት የሚጠብቅ ማኅበር ከጓደኞቿ ጋር መሠረተች። የሁለቱ ሴቶች ዕጣ የሚለየው ግን በዚህ ይመስለኛል፦ ራይት አገሯን በባቡር መስኮት አየች፤ ስንዱ በሽሽት ጎዳና አዩ፣ ከዚያም ከአገራቸው ጋር በባሕር ተለያዩ።

ወደ አገር ቤት እንመለስ። በ1933 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በወርኃ ግንቦት፣ ጠላትን የማስወጣቱ ጦርነት ወላይታ ደረሰ። ከእንግሊዝ ጋር የመጣው የምሥራቅ አፍሪቃ ጦር ግንቦት 11 ቀን ቁሊቶን፣ ግንቦት 14 ቀን ሶዶን ያዘ፤ ሊቤራቲና ባካሪ የተባሉት ሁለት የጠላት ጄኔራሎችም ከሺህ በሚቆጠሩ ወታደሮቻቸው ጋር ተማረኩ። በዳሞታ ተራራ ሥር ጠላት ያበቃለት ያኔ ነው።

ስንዱም ከግዞት ተመልሰው፣ ከጦርነቱ በኋላ በደሴ አስተማሩ፤ ቀጥሎም የእቴጌ መነን ሴቶች ትምህርት ቤትን መሩ፣ በዚያ ስፍራ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነው። ተማሪዎቹ የሚጫወቷቸውን ተውኔቶች ራሳቸው ይጽፉ ነበር። ትምህርት ቤት መምራትና መጻፍ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይበላል፤ እኝህ ሴት ግን መድረኩን ክፍል፣ ክፍሉን መድረክ አደረጉት። ግጥምና ተውኔት የያዘው «የልቤ መጽሐፍ» በ1942 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ ታተመ። አንባቢው ያኔ ቁጥሩ ትንሽ ነበር፣ ሴት ደራሲ ደግሞ ከዚያም ያነሰች።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ተወዳድረው አሸነፉ፤ በኢትዮጵያ ፓርላማ የመጀመሪያዋ ተመራጭ ሴትም ሆኑ። ጥቁር አንበሳ ሲቋቋም የ20 ዓመት ወጣት የነበሩት ሴት በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው ዐረፉ።