የአንበሳ ዓሣ እና የስዊዝ ቦይ

ሰውነቱ በቀይ ቡናማና በነጭ መስመሮች የተዥጎረጎረው የአንበሳ ዓሣ ጥንተ መኖሪያው ከቀይ ባሕር እስከ ሕንድ ውቅያኖስ የሚዘረጉት የኮራል አለቶች፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በኖራማ አፅማቸው ለዘመናት የገነቧቸው አለቶች ናቸው። ቀን በአለቱ ጥላ ሥር ተሸሽጎ ይውልና ሲመሽ ወጥቶ፣ ሰፋፊ የደረት ክንፎቹን ዘርግቶ ትናንሽ ዓሦችን ጥግ አስይዞ በቅጽበት ይውጣቸዋል። በጀርባው 13፣ በሆድ ክንፎቹ 2፣ ከጅራቱ በፊት ባለው ክንፍ 3 መርዛማ እሾሆች አሉት። እያንዳንዱ እሾህ ስስ ቆዳ የለበሰ ሲሆን፣ ሰው ገላ ውስጥ ሲገባ ቆዳው ወደ ኋላ ይሸበሸብና የመርዙን ዕጢ ይጨምቀዋል፤ መርዙም በእሾሁ ግራና ቀኝ ያለውን ስርጉድ ተከትሎ ወደ ቁስሉ ይፈስሳል። ይህ መርዝ ሙቀት የሚያከሽፈው ፕሮቲን ስለሆነ፣ የተወጋ ሰው ቁስሉን ገላ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ እንዲዘፈዝፍ ይመከራል።

የስዊዝ ቦይ በ1869 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቀይ ባሕርን ከሜድትራንያን ቢያገናኝም፣ ለመርከብ የተከፈተው በር ለዓሣ ወዲያው አልተከፈተም። ቦዩ የሚያቋርጣቸው መራራ ሐይቆች ወለላቸው ወፍራም የጨው ንጣፍ ስለነበር ውሃቸው ከሁለቱም ባሕሮች ይበልጥ ጨዋማ ነበር፤ በሰሜኑ ጫፍ ደግሞ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው የዓባይ ጎርፍ የባሕሩን ጨው በየዓመቱ ያለዝበው ነበር። ጨዉ በአሥርተ ዓመታት ሟሙቶ ታጠበ፤ ጎርፉንም በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ገታው።

ቀድመው ከተሻገሩት አንዱ፣ እርሱም መርዛማ እሾህ ያለው፣ አልጌ በሉ ጥንቸል ዓሣ ነው። ይህን ዓሣ ለሳይንስ ያስተዋወቀው በዴንማርክ ንጉሥ ወጪ ወደ ዓረብ አገር የተጓዘው ስዊድናዊው ፔተር ፎርስኮል ሲሆን፣ እርሱ በ1763 በየመን ስለሞተ ጽሑፉን በ1775 ያሳተመው ከጉዞው በሕይወት የተመለሰው ብቸኛ ባልደረባው ካርስተን ኒቡር ነበር። ጥንቸል ዓሣው በ1920ዎቹ በሜድትራንያን ሲታወቅ፣ የአንበሳ ዓሣ ግን በእስራኤል ጠረፍ የተያዘው በ1991 ነው፤ ከዚያም ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ተሰውሮ በ2012 በሊባኖስ ታየ፣ በጥቂት ዓመታትም የቆጵሮስን ዳርቻ ሞላ። ዝልግልግ ኳስ ሠርተው የሚንሳፈፉት እንቁላሎቹና ከእነርሱ የሚወጡት እጮች አንድ ወር ያህል በባሕር ጅረት እየተወሰዱ ይስፋፋሉ፤ እየሞቀ የመጣው ባሕርም አመቻቸው።

ስለዚህ ዓሣውን ወራሪ ብሎ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ መንገዱን የዘጉትን መሰናክሎች አንድ በአንድ ያፈረሰው የሰው ሥራ ነውና። የቆጵሮስ ዓሣ አጥማጆች ዛሬ እሾሆቹን በመቀስ እየቆረጡ ሥጋውን ለገበያ ያቀርባሉ፤ መርዙ ከእሾሁ አልፎ ሥጋው ውስጥ አይገባም።