ሟቾቹን ማን ቆጠራቸው?

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደውሎ "መምህር፣ የጤና መረጃ ታሪካችን ከየት ነው የሚጀምረው?" አለኝ። ለሥልጠና መክፈቻ የሚሆን አንድ ስላይድ ፈልጎ ነው። በስልክ የመለስኩለት ለራሴም አላረካኝምና እዚህ ልጻፈው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

እኔ ብሆን ከ1958ቱ የወባ ወረርሽኝ እጀምራለሁ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በዚያ ዓመት ሦስት ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ ሞተ ተብሎ ተጽፏል። ክፍል ውስጥ ይህን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጽፌ "ማን ቆጠረው?" እያልኩ እጠይቃችሁ ነበር፤ የምታስታውሱ አላችሁ። ማንም አልቆጠረውም። ግምት ነው። የገመቱት ሰዎች ሥራቸውን የሚያውቁ ነበሩ፣ አልነቅፋቸውም። ግን እውነተኛው ቁጥር 120 ሺህም 200 ሺህም ሊሆን ይችላል። በመሃል ያለው ልዩነት እኮ ሰው ነው።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ወደ ገጠር መላክ ጀምሮ ነበር። ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ጤና ጣቢያ የሚመዘግበው ደጁ የደረሰውን ብቻ ነው። ቤቱ ተኝቶ የሞተው የትም አይጻፍም፤ አብዛኛው ገጠሬ ደግሞ የሚሞተው ቤቱ ነው።

ቡታጅራ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ክፍል ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሥራውን ጀመረ። ከእኛ በኩል ደስታ ሻመቦ፣ ከእነሱ በኩል ስቲግ ዋል ነበሩ። ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና አንድ የከተማ ቀበሌ በዕጣ ተመረጡ፤ 28 ሺህ ያህል ሰው ማለት ነው። ቤት ለቤት ከተቆጠረ በኋላ የተወለደ፣ የሞተ፣ ያገባ፣ የመጣና የሄደ ሁሉ ይመዘገብ ጀመር። መጀመሪያ በየወሩ፣ ኋላ በየሦስት ወሩ።

ወሬው ቀላል ይመስላል። ሥራው ግን ጉድ ነው! መዝጋቢዎቹ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ወጣቶች ናቸው። በጭቃ፣ በውሻ፣ በለቅሶ መሃል ይገባሉ። አንዲት እናት ዕድሜዋን ስትጠየቅ "እኔ እንጃ" ትላለች፤ ስለዚህ "ለአብዮቱ ልጅ ነበርሽ ወይስ አግብተሽ?" ተብሎ ይሰላል። ሰው ሲሞት ደግሞ ቤተሰቡ ተጠይቆ (ትኩሳት ነበረው? ተቅማጥ? ስንት ቀን?) የሞቱ ምክንያት ይገመታል። ባለሙያው "ቨርባል አቶፕሲ" ይለዋል። ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ሌላ ጣጣ አለ። ፀሐይ የምትባለውን ልጅ አንዱ ጸሐፊ በላቲን ፊደል በ"ቲ" ይጀምራታል፣ ሌላው በ"ኤስ"፤ በቃ ሁለት ሰው ሆነች። የቤተሰብ ስም የለን፣ ያኔ መታወቂያ ቁጥር የለን።

ለእኔ የቡታጅራ ትልቁ ውጤት ሰው ማፍራቱ ነው። ድሮ ለትምህርት የሄደ እዚያው ይቀር ነበር። በ"ሳንድዊች" ፕሮግራሙ ግን ኮርሱን ኡሜኦ ትወስዳለህ፣ መረጃህ ያለው ቡታጅራ ነው፣ ስለዚህ ትመለሳለህ። እነ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ፕሮፌሰር የማነ ብርሃኔ የወጡት በዚህ መንገድ ነው። በዚያው ወረዳ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ተጠይቆ ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም የተሠራው ጥናት ዛሬም በዓለም ይጠቀሳል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። በ1998 እና በ1999 ከባድ ዝናብና ድርቅ ተከታትለው አካባቢውን መቱት። በደህናው ጊዜ ከ1000 ሰው በዓመት 10 ገደማ የነበረው ሞት ከ24 አለፈ። ወባና ተቅማጥ ነው። ይህን የምናውቀው መዝጋቢዎቹ እያንዳንዱን ሟች ስለጻፉ ነው። ግን ጥናቱ ታትሞ የወጣው አሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ቆጠርን፤ በጊዜው ግን አልሰማንም።

"አልሰማንም" ስል ራሴንም ጨምሬ ነው። ሌላ ቦታ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ መረጃ የማጣራ ወጣት መምህር ሳለሁ፣ ከአንድ ቤት በአንድ ወር ሦስት ሕፃናት ሞቱ የሚል ቅጽ ደረሰኝ። ተደጋግሞ የተጻፈ ነው ብዬ በቀይ እስክሪብቶ አክብቤ መለስኩት። መዝጋቢው በሳምንቱ ራሱ ይዞት መጣ። "አልተደገመም መምህር" አለኝ፣ "ለቅሶው ላይ ነበርኩ።" ያን ቅጽ ያከበብኩበት እጄ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ከ2010 ዓ.ም. (ይሄ የእኛው ነው) ወዲህ ሪፖርቱ በዲኤችአይኤስ2 ሆኗል። ከደቡብ አፍሪካ፣ ከአፓርታይድ ማግሥት ተነሥቶ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያደገ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ በእኛ ዘመን አቆጣጠርም ይሠራል። የጤና ጣቢያው ወር ከ21 እስከ 20 መሆኑን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ግን አሁንም ፈተና ነው፣ ሃሃ። ፍጥነቱ ደስ ይላል። ቤቱ የሞተው ሰው ግን አሁንም ብዙውን ጊዜ እዚያ ውስጥ የለም።

ልጄ፣ ለስላይድህ ከዚህ የፈለግከውን ውሰድ። ቡታጅራም ሆነ ሌላ ቦታ መዝጋቢ የነበራችሁ ደግሞ፣ ጥናቶቹ ላይ የሰፈራችሁት ምስጋናው ውስጥ "መረጃ ሰብሳቢዎች" ተብላችሁ ነው። ስማችሁንና የሠራችሁበትን ቀበሌ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።