የጃንጎ ሁለት ጣቶች

እስቲ ጠጋ በሉ። ጊታር የሚወዱ ሰዎች በተሰባሰቡበት ሁሉ፣ መሸት ሲል የማይቀር ሙግት አለ፦ የምንጊዜውም ታላቅ ጊታሪስት ማነው? አንዱ ጂሚ ሄንድሪክስ ይላል፤ ሌላው ቢ.ቢ. ኪንግን ያነሳል፤ ሦስተኛው የኤዲ ቫን ሄለንን ፍጥነት ለማስረዳት ጣቶቹን አየር ላይ ያርመሰምሳል። ሮሊንግ ስቶን የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2003 መቶ፣ በ2023 ደግሞ 250 ስም ደርድሮ ሁለቱንም ጊዜ ሄንድሪክስን አናት ላይ አስቀምጦታል። እኔ የምነግራችሁ ግን ሄንድሪክስ ሊወለድ 14 ዓመት ሲቀረው፣ ፓሪስ ዳርቻ ላይ ስለተነሳ እሳት ነው።

እሳቱ ያገኘው ልጅ ጃንጎ ራይንሃርት ይባላል። በ1910 ቤልጂየም ውስጥ ሊበርሺ በምትባል መንደር ተወለደ። ወገኖቹ ማኑሽ የሚባሉት፣ ቤታቸውን በፈረስ ጋሪ ላይ አድርገው ከአገር አገር የሚዘዋወሩ ሮማዎች ነበሩ። ማንበብና መጻፍ ሳይማር አደገ፤ ኖታም አያውቅም። በ12 ዓመቱ ገደማ ባንጆ ሲሰጠው ግን እጁ ሥራ አገኘ። ጎረምሳ ሳለ በፓሪስ ጭፈራ ቤቶች አኮርዲዮን ተጫዋቾችን እያጀበ እንጀራውን ይበላ ነበር። ወሬው ባሕር ተሻገረና ጃክ ሂልተን የተባለ ዝነኛ እንግሊዛዊ የባንድ መሪ መጥቶ ሰማው፤ «ከእኔ ጋር ሥራ» አለው።

ሥራው ሳይጀመር እሳቱ ቀደመ። ጊዜው 1928፣ የኖቬምበር ወር መግቢያ ነው። ጃንጎ አምሽቶ ገባ። ነፍሰ ጡር ሚስቱ ለሽያጭ የሠራቻቸው አርቲፊሻል አበቦች ጋሪ ቤቱን ሞልተውታል። አበቦቹ ሴሉሎይድ ናቸው፤ ሴሉሎይድ ደግሞ እሳት ሲነካው ከጭድ ይብሳል። ሻማው ነካቸው። ባልና ሚስት ነፍሳቸውን ይዘው ወጡ፤ የጃንጎ ቀኝ እግርና ግራ እጅ ግን ክፉኛ ተቃጠሉ። ሐኪሞቹ እግሩ ይቆረጥ ቢሉ አሻፈረኝ አለ፤ እግሩም ተረፈለት። የግራ እጁ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ግን እንደተኮራመቱ ቀሩ። ዕድሜው 18 ነበር።

እዚህ ላይ ክራር ለለመደ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ክራር ላይ እያንዳንዱ ክር የራሱ ድምፅ አለው። ጊታር ላይ ድምፁን የሚመርጠው አንገቱን ይዞ ክሩን የሚጫነው ግራ እጅ ነው። አራቱ ጣቶች ሥራ ተከፋፍለው ካልሮጡ ዜማም ኮርድም ጭንቅ ነው። ከአራቱ ሁለቱን ያጣ ጊታሪስት፣ ያኔ ማንም ቢጠየቅ አበቃለት ነበር የሚለው።

ወንድሙ ጆሴፍ ጊታር አመጣለት። ጃንጎ በታመመበት አልጋ ላይ ከፊደል ጀመረ። ሌላው ሰው ጣቱን ዘርግቶ የሚደርስበትን ድምፅ እሱ በሌባ ጣቱና በመሃል ጣቱ ብቻ፣ በአንገቱ ርዝመት ሽቅብ ቁልቁል እየሮጠ ያገኘው ጀመር። የተኮራመቱት ጣቶች ኮርድ ሲይዝ ቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ያርፋሉ፤ ሶሎ ላይ ግን የሉም። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ ደከመ።

በ1934 ከቫዮሊኒስቱ ስቴፋን ግራፔሊ ጋር አምስት ሰው ያለው ባንድ ፓሪስ ላይ አቆሙ፤ ሦስት ጊታር፣ አንድ ቫዮሊን፣ አንድ ባስ። ከበሮ የለም፣ ጡሩምባ የለም። በዚያ ዘመን ጃዝ ውስጥ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ተቀምጦ ምት ይጠብቅ ነበር፤ ጃንጎ ወደ ፊት አውጥቶ ዋና ተናጋሪ አደረገው። እኔን ከሁሉ የሚይዘኝ በ1940 የቀዳው «ኑዋዥ» ነው። ዘመኑን አስቡት፦ ፓሪስ በናዚ እጅ ናት፤ ሮማዎች በየአገሩ እየታፈሱ ወደ ሞት ካምፕ ይጋዛሉ። እሱም በ1943 ወደ ስዊዘርላንድ ለማምለጥ ሞክሮ አልሆነለትም። በዚያ ሁሉ መሃል ያ የረጋ ዜማ የፓሪስ ሰዎች የልብ ዘፈን ሆነ። ጃንጎ በ1953፣ በ43 ዓመቱ አረፈ።

አሁን ወደ እንግሊዝ፣ ወደ በርሚንግሃም እንሻገር። በ1965 ቶኒ አዮሚ የተባለ የ17 ዓመት ወጣት በብረታ ብረት ፋብሪካ የመጨረሻ የሥራ ቀኑን ሊጨርስ ሲል ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ነውና ክር የሚጫነው ቀኝ እጁ ነበር የተጎዳው። ጊታር ቀረ ብሎ ተስፋ ቆርጦ ሳለ የፋብሪካው አለቃ አንድ ሸክላ አምጥቶ አሰማው። ወጣቱ ግሩም ነው አለ። አለቃው ይህን ጊዜ ነው ተጫዋቹ ጃንጎ እንደሆነና ሁለት ጣት ብቻ ይጠቀም እንደነበር የነገረው። አዮሚ የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ቆዳ ለበጠበት፣ ቀጫጭን ክሮች ፈለገ፤ ኋላም ክሮቹን አላልቶ ቅኝቱን ዝቅ አደረገ። በ1970 ባንዱ ብላክ ሳባት የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ የዛሬው ሄቪ ሜታል መሠረት ተጣለ።

ሄንድሪክስን አላሳንስም፤ የኤሌክትሪክ ጊታርን ጩኸት ራሱን ሙዚቃ ያደረገ ሰው ነው። የእኔ ድምፅ ግን ለጃንጎ ነው፤ ለዚህም ቁስሉን አልቆጥርለትም። ሙግቱ ሲነሳ በ1937 የቀዳውን «ማይነር ስዊንግ» ክፈቱ። እንደ በርሚንግሃሙ አለቃ፣ ስለ እሳቱም ስለ ጣቶቹም ሳትናገሩ አሰሟቸው፤ ከዚያ ይፍረዱ።