ታሪክን በቤት ማስተማር፤ የጣና ዳርቻ ምሳሌነት

ልጅ ፊደል ለመቁጠር በመምህሩ ፊት ከመቀመጡ በፊት ከአባቱና ከእናቱ ብዙ ነገር ተምሮ ይመጣል። ሰውን ማክበርን ወይም መናቅን፣ ገንዘብን መቆጠብን ወይም ማባከንን፣ አገርን መውደድን ወይም ችላ ማለትን የሚለምደው በማዕድ ዙሪያና በምድጃ አጠገብ ነው። መምህር የሚረከበው አስቀድሞ በቤት የተዘራበትን ማሳ ነው፤ እህል ተዘርቶበት እንደ ሆነ ይንከባከበዋል፤ እንክርዳድ ተዘርቶበት እንደ ሆነ ግን ድካሙ ይበዛል።

ስለዚህ ስለ ነጻነት፣ ስለ ኤኮኖሚና ስለ ታሪክ ለልጆች የሚሰጠው ትምህርት ለትምህርት ቤት ብቻ ሊተው አይገባም እንላለን። እነዚህ ሦስቱ በመጽሐፍ ላይ በሦስት ስም ቢጠሩም በሰው ኑሮ ውስጥ እንደ አንድ ገመድ የተገመዱ ናቸው። ነጻነት የሌለው ሰው የሠራው ሀብት የራሱ አይሆንም፤ ሀብቱን ማስተዳደር የማያውቅ ሕዝብ ነጻነቱን ለአበዳሪ ያስረክባል፤ ታሪኩን የማያውቅም ሁለቱ በምን ዋጋ እንደ ተገኙ አይገባውም። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ የባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ ታሪክ ይበቃናል።

ጣና ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ በስፋት ይበልጣል። ዓባይም ከዚሁ ሐይቅ በባሕር ዳር አጠገብ ወጥቶ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ውኃውን የሚመኙት በዳሩ የሚኖሩት ብቻ አልነበሩም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል ውስጥ፣ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ስምምነት ሳይደረግ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን መውረድ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ የሚል ቃል ገባ። በታኅሣሥ ወር 1918 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝና ኢጣልያ ኢትዮጵያን ሳይጠይቁ እርስ በርሳቸው ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብ ለመሥራት፣ ኢጣልያም ኤርትራን ከሶማሊያ ግዛቷ ጋር የሚያገናኝ የምድር ባቡር ለመዘርጋት ይፈልጉ ነበርና፣ አንዱ የሌላውን ጥያቄ እንዲደግፍ ተስማሙ።

በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ነገሩን በዝምታ አላለፉትም። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ነበርና፣ በ1918 ዓ.ም. አቤቱታቸውን ለዚሁ ማኅበር አቀረቡ። ሁለቱም መንግሥታት ኢትዮጵያን ለማስገደድ አላሰብንም የሚል መልስ ለመስጠት ተገደዱ። ከዚያም የኢትዮጵያ መንግሥት ግድቡን በራሱ ፈቃድ ለማሠራት ሐኪም ወርቅነህን ወደ አሜሪካ ልኮ ከአንድ የኒውዮርክ የመሐንዲሶች ኩባንያ ጋር መነጋገር ጀመረ።

የ1894ቱ ውል የተፈረመው ከዓድዋ ድል በኋላ ስድስት ዓመት ብቻ ቆይቶ መሆኑን ወላጅ ለልጁ ሊያሳስበው ይገባል። አገር በጦር ሜዳ ያስከበረችው መብት በጠረጴዛ ላይ በጽሑፍ ሊጠብ ይችላል። ስለዚህ ጋሻ ለአገር እንዳስፈለገ ሁሉ የሚያነብ፣ የሚያሰላና የሚከራከር ሰውም ያስፈልጋታል። ይህን ነገር አባቶቻችን በልጆች ጨዋታ ውስጥ አኑረውልናል። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የተቀበለ ልጅ ፍቺው ሲጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እርሱም ሳይወድ አንዱን አገር ይሰጣል። ያላወቀ አገሩን ይሰጣል ማለት ነው። ጨዋታው ሲያልቅ አገሩ ለልጁ ይመለስለታል፤ በመንግሥታት መካከል ግን በአለማወቅ የተሰጠን ነገር ማስመለስ የብዙ ትውልድ ድካም ይጠይቃል።

ድካሙም ፍሬ አላጣም። በ1950ዎቹ ዓመታት በጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ተሠራ፤ በባሕር ዳርም ከኢጣልያ በተገኘ የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። አገሩ በግፍ የተወረረበት ዕዳ ጥጥ የሚፈትል መኪና ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው። በ2002 ዓ.ም. የጣናን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ የሚያሳልፈውና 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ተመረቀ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። ልጅ ማታ መብራት ሲያበራ ከዚያ መብራት ጀርባ ከመቶ ዓመት የበለጠ ክርክር እንዳለ ቢነገረው፣ ታሪክን የሙታን ስም ዝርዝር ብቻ አድርጎ አይቆጥረውም።

ወደ ገበያው እንለፍ። ኤኮኖሚ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ትርጉሙ የቤት አስተዳደር ማለት ነው። ስለዚህ ይህ ትምህርት ወደ ቤት ቢገባ ወደ ትውልድ ስፍራው ተመለሰ እንጂ እንግዳ አልሆነም። በድሮ ዘመን በጣና ዙሪያ ባሉ ገበያዎች ከጠገራ ብር ጋር አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር። ጨው ከአፋር በረሓ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ ብዙ ኬላ አልፎ ይመጣል። ከተቆረጠበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምራል። ጨው ያው ጨው ሆኖ ሳለ ዋጋው ስለ ምን ጨመረ ተብሎ ልጅ ቢጠየቅ፣ የነጋዴውን ድካም፣ የከብቱን መኖ፣ የመንገዱን አደጋና የኬላውን ቀረጥ አንድ በአንድ እየቆጠረ የዋጋን ምሥጢር ራሱ ይደርስበታል።

ዘጌ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ነው። ይህ ወደ ሐይቁ የገባ ደን የለበሰ ምድር እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያሉ ገዳማት ያሉበት ነው። በገዳማቱ ትውፊት መሠረት ሞፈርና ቀንበር አይገባበትም። ሕዝቡ በዛፍ ጥላ ሥር ቡና፣ ጌሾና ሎሚ እያለማ፣ ይህንኑ በታንኳ ጭኖ ወደ ገበያ በመውሰድ በጤፍና በሌላ እህል ይለውጥ ነበር። በአንድ ሥራ የሠለጠነ ሰው ሌላውን ከጎረቤቱ ማግኘት እንደሚችል፣ ንግድም የሰላም ልጅ እንደ ሆነ፣ ከዘጌ ይልቅ ጥሩ አድርጎ የሚያስረዳ መጽሐፍ ማግኘት ያስቸግራል።

ነገር ግን የዘጌን ቡና ታሪክ እዚህ ላይ ብናቆመው ለልጆቻችን ግማሹን ብቻ ነገርናቸው ማለት ነው። አፄ ምኒልክ በነገሡበት ዘመንና ከዚያም በኋላ ይህን ቡና ከሚኮተኩቱትና ከሚለቅሙት እጆች ብዙዎቹ የባሮች እጆች ነበሩ። ከምዕራቡ ቆላ፣ ከጉሙዝ አገር፣ በፍንገላና በንግድ ተወስደው የመጡ ሰዎች ለጌታቸው ቤት ሀብት አከማቹ፤ ለራሳቸው ግን አላተረፉም። የጥንት ግሪኮችም ቤት፣ የኤኮኖሚ ትምህርት የተወለደበት ቤት፣ እንዲሁ ባሮች ያገለግሉበት ነበር። ስለ ቤት አስተዳደር የሚማር ልጅ በቤቱ ውስጥ የማን ድካም ለማን እንደ ተቆጠረ መጠየቅ አለበት።

ቋንቋችን «ነጻነት» ከሚለው ቃል ጋር «አርነት» የሚል ቃል አለው። ነጻነት ስንል አገርን፣ አርነት ስንል ከባርነት የወጣውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ እናስባለን። ፍትሐ ነገሥትም ባርነትን ቢፈቅድም፣ ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ የነጻነት ተካፋይ እንደ ሆነና ባርነትን ያመጣው ጦርነት እንደ ሆነ ሳይናገር አላለፈም። የመጋቢት ወር 1916 ዓ.ም. አዋጅ ባሮች ቀስ በቀስ አርነት የሚወጡበትን ደንብ አወጣ፤ በ1923 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ ተጨመረበት፤ በመጨረሻም ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ባርነትን ጨርሶ ሻረ። አገሪቱ ከወራሪ ነጻ ከወጣች ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነበር። ራሱ የባርነትን መራራነት የቀመሰ መንግሥት ይህን ማድረጉ የሚገባ ነው፤ ሆኖም ሕጉ ወጣ ማለት ልማዱ ከየቤቱ ወጣ ማለት አይደለም።

የታንኳ ሠሪዎቹ የወይጦዎች ነገርም ከዚህ አይርቅም። ደንገል አጭደው፣ አድርቀውና አስረው በሠሩት ታንኳ መነኵሴው ወደ ደሴቱ፣ ነጋዴው ወደ ገበያው ይሻገር ነበር፤ ዳሩ ግን ያሻገራቸው ሕዝብ ለማዕዳቸው አይጋበዝም ነበር። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋም በሌላው አገር እንዲሁ ተንቀዋል። አፄ ምኒልክ ጠቢባንን መስደብ በአዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ የደረሰው፣ ንቀቱ የአገርን ሀብት ይጎዳ ስለ ነበረ ነው። ሥራውን የሚያፍርበት ሰው ሥራውን አያሻሽልም፤ ልጁም አይወርሰውም።

አንዳንዶች፣ ይህን ሁሉ ለልጅ መንገር የአገሩን ፍቅር ይቀንስበታል ይላሉ። እኛ ግን እንዲህ አናስብም። ወላጁ የሸሸገውን ነገር ልጅ አድጎ ከሌላ ሰው የሰማ እንደ ሆነ፣ የዓድዋውንም እውነት እስከ መጠራጠር ይደርሳል። ክፉውንና መልካሙን በአንድነት ከወላጁ አፍ የሰማ ልጅ ግን፣ አገሩን እንደ ሰው ሥራ ያያታል፤ የጎደለውን የመሙላት ተራው የእርሱ መሆኑንም ይረዳል።

ለዚህ ትምህርት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ቡና ሲፈላ ቡናው ከማን እጅ እንደ መጣና ከዋጋውም ለለቃሚው ስንት እንደ ደረሰው ከልጆች ጋር ማስላት ይቻላል። ለልጅ አንዲት ዶሮ ሰጥቶ የመኖዋን ወጪና የእንቍላሏን ገቢ በደብተር እንዲጽፍ ማድረግ፣ ትርፉንም ሳይቀሙ ለራሱ መተው፣ የራስ ድካም ፍሬ ለራስ መሆኑን ያስተምረዋል። አያት ካለች የገበያውን የቀድሞ ዋጋ ትንገረው፤ አያት ከሌለች ልጁ ሽማግሌ ጎረቤት ሄዶ ይጠይቅ።

ከሁሉ በላይ ግን ልጅ የሚያነበው መጽሐፍ የእኛው ጠባይ ነው። አባት ስለ አገር ነጻነት ማታ ሲያስረዳ አምሽቶ፣ በማግሥቱ የቤት ሠራተኛዪቱን በስድብ ቢጠራት፣ ወይም ደመወዟን በወሩ ቢያስቀርባት፣ ልጁ የሚይዘው የማታውን ሳይሆን የጧቱን ትምህርት ነው። በቤታችን የምታገለግለው ልጅ በስሟ ትጠራ፤ የሠራችበት በጊዜው ይከፈላት፤ ከልጆቻችን ጋር ፊደል ትቍጠር። ይህን የሚያይ ልጅ የነሐሴ 1934ን አዋጅ በመጽሐፍ ባገኘው ቀን ትርጉሙን የሚነግረው ሰው አይፈልግም።