አንዲት የተዛባች ቃልና 20 ሚሊዮን ዶላር

ሌባ ሁሌ በር ሰብሮ አይገባም፤ አንዳንዴ ሥራ ፈላጊ መስሎ ያንኳኳል። እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ለባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ሠራተኞች የሥራ ማመልከቻ በኢሜይል ደረሳቸው። የተወሰኑት ሲቪውን ሊያዩ ሊንኩን ነኩት። በቃ፣ በሩ ተከፈተ።

ሰርጎ ገቦቹ ዓመት ያህል አድብተው፣ ፌብሩዋሪ 2016 ላይ ቢሮው ለእረፍት ሲዘጋ፣ ባንኩ ኒውዮርክ ካለው ሒሳብ 951 ሚሊዮን ዶላር እንዲወጣ አዘዙ። አብዛኛው ታገደ፤ 81 ሚሊዮኑ ግን ፊሊፒንስ ገባ።

ወደ ስሪላንካ የተላከው 20 ሚሊዮንስ? «ፋውንዴሽን» የሚለው ቃል «ፋንዴሽን» ተብሎ ተጽፎ ስለነበር፣ አስተላላፊው ባንክ ተጠራጥሮ ጠየቀ። ገንዘቡ ተረፈ።

በሩን የከፈተው አለመጠርጠር ነው፤ 20 ሚሊዮኑን ያዳነው ጥያቄ። እና መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ «ይሄ ኢሜይል ከማን ነው?» እያለ የሚያስቸግረውን ሰው ነገረኛ አትበሉት።