የገጠር ወረዳ መሥሪያ ቤቶችን አድራሻ ለማግኘት መታወቅ የሚገባቸው ነጥቦች

ከፌዴራል ወይም ከክልል መሥሪያ ቤት ወደ አንድ የገጠር ወረዳ የሚላክ ደብዳቤ ወይም የስልክ መልእክት ለትክክለኛው ጽሕፈት ቤት ካልደረሰ ጉዳቱ በላኪውና በተቀባዩ መካከል ብቻ ተወስኖ አይቀርም። የክትባት ዘመቻ፣ የማዳበሪያ ሥርጭት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የሠራተኛ ዝውውርና የጡረታ ማስረጃ ጉዳዮች በአብዛኛው ከፍጻሜ የሚደርሱት በወረዳ ነው። በመሆኑም መልእክቱ በዘገየ ቁጥር የሚጉላላው ከቀበሌው ተነሥቶ ወደ ወረዳው ከተማ በእግሩ የሚመላለሰው ተገልጋይ ነው።

በተለይም ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል በተካሄደው ያልተማከለ አስተዳደር የማጠናከር ሥራ ወረዳዎች የጥቅል በጀት ተቀባይና የዕቅዳቸው ባለቤት እንዲሆኑ መደረጉ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ ከወረዳ ጋር የሚደረገው የሥራ ግንኙነት በእጅጉ ሰፍቷል። የወረዳ መሥሪያ ቤቶች አድራሻ ግን በአንድ ቦታ ተጠቃሎ ስለማይገኝ፣ ፈላጊው አካል የአስተዳደሩን ተዋረድ ተከትሎ ማጣራት ይኖርበታል።

የእርከኖችና የስያሜዎች ልዩነት

አድራሻ ከመጠየቅ በፊት የሚፈለገው መሥሪያ ቤት በየትኛው የአስተዳደር እርከን እንደሚገኝ መለየት ያስፈልጋል። በተለመደው አሠራር በፌዴራል ደረጃ ሚኒስቴር የሚባለው አካል በክልል ቢሮ፣ በዞን መምሪያ፣ በወረዳ ደግሞ ጽሕፈት ቤት ተብሎ ይጠራል። ስለሆነም “የጤና መምሪያ” ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ወደ ዞን፣ “የጤና ጽሕፈት ቤት” የተባለው ደግሞ ወደ ወረዳ የሚሄድ ይሆናል። በኦሮሚያ ወረዳ “አና”፣ ቀበሌ “ገንዳ” ሲባል፣ በትግራይ ደግሞ ከወረዳ በታች ያለው እርከን “ጣቢያ” በመባል ይታወቃል።

ሁሉም ወረዳ በዞን ሥር የሚገኝ አይደለም። ልዩ ወረዳ የሚባለው ተጠሪነቱ በቀጥታ ለክልል በመሆኑ፣ አድራሻው የሚጠየቀው ከክልሉ ቢሮ ነው። በሌላ በኩል በአንድ ወረዳ ከተማ ውስጥ የሚገኝ መሥሪያ ቤት ሁሉ በወረዳው አስተዳደር ሥር ነው ማለት አይደለም። የወረዳ ፍርድ ቤት የዳኝነት አካል በመሆኑ በክልሉ የፍርድ ቤቶች መዋቅር በኩል የሚገኝ ሲሆን፣ የቴሌኮም፣ የመብራት፣ የፖስታና የባንክ ቅርንጫፎች ደግሞ ተጠሪነታቸው ለየራሳቸው ድርጅት ነው።

የጽሕፈት ቤቶች ስያሜም በየጊዜው እንደሚለወጥ መዘንጋት የለበትም። ቀደም ሲል “ግብርናና ገጠር ልማት” ይባል የነበረው ዛሬ “ግብርና” ተብሎ፣ “ገንዘብና ኢኮኖሚ ልማት” ይባል የነበረው ደግሞ “ገንዘብ” ተብሎ ሊገኝ ይችላል። በአሮጌ ስያሜ የተመዘገበ ስልክ አሁንም ሊሠራ ስለሚችል፣ ስያሜው ስለተለወጠ ብቻ ቁጥሩን ከመሰረዝ በፊት ደውሎ ማረጋገጥ ይመረጣል።

ተመሳሳይ ስሞችና የወረዳ ከተሞች

ለመልእክት መሳሳት ከሚዳርጉ ምክንያቶች አንዱ የስም መመሳሰል ነው። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በአማራም በኦሮሚያም ይገኛል። የመጀመሪያው ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን ሲሆን የሁለተኛው ፍቼ ነው። ደራ የሚባል ወረዳ በደቡብ ጎንደርም በኦሮሚያው ሰሜን ሸዋም አለ። ቦረና በኦሮሚያ መቀመጫው ያቤሎ የሆነ ዞን ሲሆን፣ በደቡብ ወሎ ደግሞ በዚሁ ስም የሚጠራ ወረዳ ይገኛል። መቀመጫው ከሚሴ የሆነው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንም በስሙ ምክንያት ከኦሮሚያ ክልል ጋር ሊምታታ ቢችልም የሚተዳደረው በአማራ ክልል ነው። ስለዚህ የወረዳ ስም ሲጻፍ ዞኑንና ክልሉን አብሮ መጥቀስ የግድ ነው።

የወረዳው ስምና ጽሕፈት ቤቶቹ የሚገኙበት ከተማ ስምም ብዙ ጊዜ ይለያያል። የፎገራ ወረዳ ዋና ከተማ ወረታ ናት። የፋርጣ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሚገኙት በደብረ ታቦር ሲሆን፣ በዚህችው ከተማ የደቡብ ጎንደር ዞን መምሪያዎችና የደብረ ታቦር ከተማ አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶችም አሉ። በመሆኑም “ደብረ ታቦር ትምህርት ጽሕፈት ቤት” ብሎ መጻፍ የሚፈለገው የወረዳው ይሁን የከተማ አስተዳደሩ አይለይም።

በአደረጃጀት ለውጥ ምክንያት የተቀየሩ አድራሻዎች

ከጥቂት ዓመታት በፊት የተዘጋጀ የአድራሻ ዝርዝር ዛሬ ሊያሳስት ይችላል። የሲዳማ ክልል በ2012 ዓ.ም.፣ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. መመሥረታቸው ይታወቃል። የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተደራጅተዋል። ከዚህ በኋላ ቀድሞ ሐዋሳ በሚገኙ የደቡብ ክልል ቢሮዎች በኩል ይገናኙ የነበሩ ወረዳዎች ከአዳዲሶቹ ክልሎች ጋር ይሠራሉ። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ወላይታ ሶዶ፣ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ደግሞ ሆሳዕና ሲሆን፣ የክልሎቹ ተቋማት በአንድ ከተማ ብቻ ሳይወሰኑ በተለያዩ ከተሞች ተከፋፍለው ስለሚገኙ የሚፈለገው ቢሮ በየትኛው ከተማ እንዳለ ለይቶ መጠየቅ ይገባል።

በዞንና በወረዳ ደረጃም ተመሳሳይ ለውጦች ተደርገዋል። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ሰሜን፣ ማዕከላዊና ምዕራብ ጎንደር ተብሎ በሦስት ተከፍሏል። የአሁኑ ሰሜን ጎንደር መቀመጫ ደባርቅ፣ የምዕራብ ጎንደር ገንዳ ውሃ ሲሆን፣ ማዕከላዊ ጎንደር መቀመጫውን በጎንደር ከተማ አድርጓል። መተማን ለማግኘት በአሮጌው ዝርዝር ወደ ጎንደር የሚደውል ሠራተኛ ዛሬ ጉዳዩ ወደማይመለከተው ዞን ይደውላል ማለት ነው። ጋሞ ጎፋ ዞንም ጋሞ እና ጎፋ ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል።

አድራሻው የሚገኝባቸው መንገዶች

የመጀመሪያውና አስተማማኙ ምንጭ የዞኑ ተመሳሳይ መምሪያ ነው። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትን የሚፈልግ ሰው የዞኑን ጤና መምሪያ ቢጠይቅ፣ መምሪያው ከወረዳው ሪፖርት የሚቀበል በመሆኑ የሚሠራውን ስልክ ያውቀዋል። ዞኑን ማግኘት ካልተቻለ የክልሉን ቢሮ የዕቅድ ወይም የሕዝብ ግንኙነት የሥራ ክፍል መጠየቅ ይቻላል።

ሁለተኛው ምንጭ የወረዳው የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ሲደነግግ፣ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ መንግሥታዊ አካላት የመረጃ ጥያቄ ተቀብሎ የሚያስተናግድ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ እንዲኖራቸው አድርጓል። የአንድን ጽሕፈት ቤት አድራሻ መንገር የዚሁ ኃላፊነት አካል እንጂ እንደ ውለታ የሚታይ አይደለም።

ሦስተኛው ምንጭ የወረዳው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው። ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋ የወረዳው አስተዳዳሪ ጸሐፊ ወይም መዝገብ ቤቱ ወደሚመለከተው አካል ሊመራ ይችላል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል ተቋማት ጋር በቪዲዮ ስብሰባ ለማገናኘት የተዘረጋው ወረዳ ኔት የሚሠራበት ወረዳ ከሆነም የዘርፉ ባለሙያ አገናኝ ሊሆን ይችላል።

አራተኛው ምንጭ ኢንተርኔት ነው። የመንግሥት ተቋማት ድረ ገጾች አድራሻ የሚያበቃው “ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ” በሚለው ነው። ይሁንና የብዙ ገጠር ወረዳዎች መረጃ በክልል ወይም በዞን ገጽ ውስጥ ተካቶ ወይም በማኅበራዊ ገጾች ብቻ ሊገኝ ስለሚችል፣ በቅርቡ የታደሰ መሆኑንና ባለቤቱን ማጣራት ያስፈልጋል። በላቲን ፊደል ሲፈለግ የአንድ ወረዳ ስም በተለያየ አጻጻፍ ሊሰፍር ስለሚችል ከአንድ በላይ አጻጻፍ መሞከር ይጠቅማል።

የስልክ ቁጥርና የሥራ ሰዓት

በ1998 ዓ.ም. በተደረገው የቁጥር ለውጥ መሠረት መደበኛ ስልክ የአካባቢውን መለያ ጨምሮ 10 አኃዝ አለው። መለያዎቹ እንደሚከተለው ናቸው፦

011 – አዲስ አበባና አካባቢዋ፤
022 – አዳማና አሰላ፤
025 – ድሬዳዋ፣ ሐረርና ጅግጅጋ፤
033 – ደሴና ኮምቦልቻ፤
034 – መቀሌ፤
046 – ሐዋሳ፣ ሆሳዕናና አርባ ምንጭ፤
047 – ጅማና ጋምቤላ፤
057 – ነቀምትና አሶሳ፤
058 – ባሕር ዳርና ጎንደር።

ከውጭ አገር የሚደውል መጀመሪያ ያለውን ዜሮ ትቶ 251 ያስቀድማል።

የስልክ መለያው ከክልል ወሰን ጋር አንድ አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃን በአማራ ክልል ብትገኝም መለያዋ 011 ነው። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሆሳዕና 046፣ ወልቂጤ ደግሞ 011 ይጠቀማሉ። በአሮጌ መዛግብት ውስጥ ስድስት አኃዝ ብቻ ያለው ቁጥር ከተገኘ ከለውጡ በፊት የተመዘገበ በመሆኑ እንዳለ ሊደወል አይችልም።

የተለመደው የመንግሥት የሥራ ሰዓት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30 እና ከቀኑ 7፡30 እስከ 11፡30 ሲሆን፣ ዓርብ የጠዋቱ ክፍለ ጊዜ በ5፡30 ያበቃል። በቆላማ አካባቢዎች የሥራ ሰዓቱ ሊለያይ ይችላል። የግብርናና የጤና ባለሙያዎች በመስክ ሥራ የሚውሉበት ጊዜ ስለሚበዛ ጠዋት ቢሮ እንደተከፈተ መደወል የተሻለ ነው።

በደብዳቤ መገናኘት

በኢትዮጵያ ፖስታ የሚደርሰው በአብዛኛው በፖስታ ሣጥን ቁጥር አማካይነት ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት የራሱ ሣጥን ከሌለው የወረዳውን አስተዳደር ሣጥን መጠቀም ይቻል እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቃል። በፖስታው ላይ የጽሕፈት ቤቱ ሙሉ ስም፣ ወረዳው፣ ዞኑ፣ ክልሉና ጽሕፈት ቤቱ የሚገኝበት ከተማ በቅደም ተከተል ይጻፋሉ። ከፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚወጣ ደብዳቤ ተዋረዱን ጠብቆ በክልሉ ቢሮ በኩል ማለፍ ሲኖርበት፣ ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ ለዞኑና ለወረዳው ግልባጭ ማድረግ ጊዜ ይቆጥባል። ደብዳቤው ከተላከ በኋላም መዝገብ ቤቱን ደውሎ የገቢ ቁጥሩን መቀበል ተገቢ ነው። የገቢ ቁጥር ያልተገኘለት ደብዳቤ ደረሰ ተብሎ መቆጠር የለበትም።

በምሳሌ ሲታይ

አንድ የፌዴራል ሠራተኛ ክምር ድንጋይ ከተማ አካባቢ የሚገኝ ጤና ጣቢያን የሚመለከት ጉዳይ ይዟል እንበል። በአሮጌው ዝርዝር አካባቢው በፋርጣ ወረዳ ሥር ተመዝግቧል። ሠራተኛው በቅድሚያ በ058 መለያ ደብረ ታቦር ወደሚገኘው የደቡብ ጎንደር ዞን ጤና መምሪያ ይደውላል። ከመምሪያው ክምር ድንጋይ ከፋርጣ ተከፍሎ በተደራጀው የጉና በጌምድር ወረዳ ውስጥ እንደምትገኝ ይረዳል። ከዚያም የዚህን ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የቢሮ ስልክ ተቀብሎ ይደውላል፤ የጽሕፈት ቤቱን ስያሜ፣ ከተማውንና የመዝገብ ቤቱን ስልክ ያረጋግጣል። አንድ ተጨማሪ የስልክ ጥሪ ወደ ፋርጣ ሄዶ ሊቀር የነበረን ደብዳቤ ያድናል።

የጸጥታ ችግር ወይም የተፈጥሮ አደጋ ባጋጠመባቸው ወረዳዎች ጽሕፈት ቤቶች ለጊዜው ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወሩ ስለሚችሉ፣ በዝርዝር ላይ ያለው ከተማ ትክክል ቢሆንም እንኳ ከዞኑ ማጣራት ያስፈልጋል።

አድራሻው የመሥሪያ ቤት እንጂ የግለሰብ እንዳይሆን

በገጠር ወረዳዎች የሥራ ግንኙነት በኃላፊው የግል ተንቀሳቃሽ ስልክ ሲካሄድ ይታያል። ይህ ለጊዜው ሥራን ቢያቀላጥፍም ኃላፊው ሲዛወር ወይም ሲሾም ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል፤ አዲሱ ኃላፊም ስለተጀመረው ጉዳይ የሚያውቀው ነገር አይኖርም። ከዚህም ሌላ የግል ቁጥርን ያለባለቤቱ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ ተገቢ አይደለም።

ስለዚህ በአድራሻ መዝገብ ላይ የሥራ መደቡ፣ የቢሮ ስልኩ፣ የመዝገብ ቤቱ ስልክ፣ የፖስታ ሣጥኑ፣ ጽሕፈት ቤቱ የሚገኝበት ከተማ፣ መረጃው የተገኘበት ምንጭና የተረጋገጠበት ቀን ሊሰፍሩ ይገባል። መዝገቡ የበጀት ዓመቱ በሚጀምርበት በሐምሌ ወርና አዲስ አደረጃጀት በተደረገ ቁጥር ቢታደስ ከእውነታው ጋር ተራርቆ አይገኝም። ወረዳዎችም በበኩላቸው አድራሻቸው ሲለወጥ ለዞንና ለክልል በደብዳቤ ማሳወቅና በጽሕፈት ቤታቸው በር ላይ በሚታይ ጽሑፍ መለጠፍ ይጠበቅባቸዋል። በዚህ መልኩ የተያዘ መዝገብ ሠራተኛው ቢቀየርም ለተተኪው የሚተርፍ ሲሆን፣ ተገልጋዩም በተሳሳተ አድራሻ ምክንያት ዳግም ከሚደርስበት መመላለስ ይድናል።